ከሞጆ የተመለስኩበት እሑድ

መስከረም 25፣ እሑድ። አዳማ

ከቸርች በኋላ እማዬ ቤት ምሳ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ነፋሱ አቧራውን ከመንገድ አንስቶ ሳሎን ድረስ ያስገባዋል። መስኮቱን ልዝጋው ብል እማዬ እንቢ አለች። «ነፋስ ካልገባ አዳማ ምን ቀረው?»

ወንድሜ ቀነዓ ከሚስቱ ከሀኒ ጋር መጣ። የመለዋወጫ ሱቁን እሑድ ይዘጋል፤ መኪናው የቆመበት ሹፌር ግን መዘጋቱን አይሰማም። ምሳውን ሳይጨርስ ሁለቴ ለስልክ ተነሳ።

ቴሌቪዥኑ ላይ እኔው ነበርኩ፣ ያለፈው ሳምንት መግለጫ እየተደገመ። እማዬ ድምፁን አጠፋችው። «ወሬሽን አልፈልግም፣ እጅሽን ነው የማየው» አለች። ሁሉም ሳቁ።

እኛ ቤት የታወቀ ቀልድ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስዋሽ እጄ አንገቴ ላይ ይሄዳል። እያየች የምታውቅብኝ ግን እማዬ ብቻ ናት። አባቴ አላወቀም፣ አስተማሪዎቼ አላወቁም። ብሔራዊ ባንክ ምክትል ገዥ አድርጎ ካሜራ ፊት ሲያስቀምጠኝ ብዕር በሁለት እጄ መያዝ ጀመርኩ። እጄ እንዳያመልጠኝ ነው። ጋዜጠኞቹ ጠንቃቃ ስለሆንኩ ይመስላቸዋል።

ቀነዓ ያቺን ታሪክ ደግሞ አነሳት። የምንዛሪው ለውጥ ሊታወጅ ጥቂት ቀን ሲቀረው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ጠይቆኝ ነበር። «ዕቃውን አሁን ላስገባ ወይስ ልቆይ? የሚሰማ ነገር አለ?» «የማውቀው የለም» አልኩት። ምን ልበል? ሥራው ነው። ቀኑ ሳይደርስ ለወለደች እናት እንኳን አይነገርም። እማዬ ግን እጄን አየች። እኔ ስወጣ «ታውቃለች፣ ዛሬውኑ ጨርስ» አለችው። እሱ «እህቴ አትዋሸኝም» ብሎ ቆየ። ሰኞ ጠዋት ባንኮች ሳይከፈቱ አወጅነው። ዓመቱን ሙሉ የሱቁ መደርደሪያ ግማሹ ባዶ ነበር።

«እናቴን ብሰማ ኖሮ» ይልና ይስቃል። ሲስቅ ግን ወደ እኔ አያይም።

ስወጣ እማዬ እጇን ራሴ ላይ አድርጋ ጸለየችልኝ። እጇ ቪክስ ይሸታል፣ ጉልበቷን ስትቀባ ትውላለች። «ከአሜሪካ ስትመለሺ ሁሩታ ያለችው እህቴ ጋ ትወስጂኛለሽ፣ አይደል ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?» «እወስድሻለሁ» አልኳት። እጄን ከአንገቴ ላይ ቀስ አድርጋ አወረደችው። ሁሩታ እወስድሻለሁ ብዬ ስምልላት ሦስተኛ ዓመቴ ነው።

ጥቅምት 2፣ እሑድ። ዋሽንግተን

ሆቴሉ ቀዝቃዛ፣ ምንጣፉ ወፍራም፣ ስብሰባው ረጅም። ደወልኩላት። ጮክ ብላ ነው የምታወራው፣ አሜሪካ ሩቅ ስለሆነ። ልብስ አጥባ ነፋሱ አንሶላውን ጎረቤት ግቢ እንደጣለው፣ እትዬ ሳፊያ አጣጥፋ እንዳመጣችላት ነገረችኝ። እትዬ ሳፊያ የወሎ ሰው ናት፣ ከእማዬ ጋር አጥር የሚለያቸው ለስሙ ነው።

እንደ ሁልጊዜው በጸሎት ዘጋን። ረዘመ። ሰዎች ሊፍቱ ጋ ይጠብቁኝ ነበር። «አሜን» ያልኩት እሷ ሳትጨርስ ነው።

ጥቅምት 5

ደወልኩ። ሀኒ አነሳች። እማዬ ተኝታለች አለች። በዚህ ሰዓት? ድምፅዋ ሰልሏል። «ጉንፋን ነው» አለች። ከኋላዋ የፕላስቲክ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፣ ብዙ ወንበር። «የሰፈር ጸሎት ነው» አለች፣ ሳልጠይቃት።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ዛሬም ሀኒ። እማዬ ሁሩታ ሄዳለች። እህቷ ጋ። ኔትወርክ የለም።

ሁሩታ? ያለ እኔ? ማን ወሰዳት? «ቀነዓ» አለች። ቀነዓን ስጠይቀው ሻሸመኔ ለዕቃ ሄጃለሁ አለ። በቪዲዮ እንነጋገር አልኩት፣ ካሜራው ተበላሽቷል። ሁለቱ ታሪኮች አልገጠሙም... እሺ። አንዱ ቀን ተሳስቷል ይሆናል።

አኮረፈችኝ ማለት ነው። ሦስት ዓመት ስዋሻት ከሌላ ሰው ጋር ሄደች። ደግ አደረገች።

ከአዲስ አበባ ተደወለልኝ። ቶሎ ተመለሽ። ሚኒስትር ሊያደርጉኝ ነው። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ያሰብኩት ለእማዬ ስነግራት ምን እንደምትል ነው። «ታዲያ ብዕር አይገዙልሽም?» ነው የምትለው።

ጸሎት የሌለው እሑድ ነው። ከሰዓት በኋላ የሆቴሉ ክፍል ውስጥ ቪክስ ሸተተኝ። ሻንጣዬን ፈተሽኩ። የለም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ። አዲስ አበባ

ገባሁ። ኤርፖርት ጋሽ ዲበኩሉ ብቻ። ቀነዓ አልመጣም። ሁልጊዜ ይመጣ ነበር፣ ለእኔ ሳይሆን ለሻንጣው ነው እያለ።

ጋሽ ዲበኩሉ ከባንኩ ጀምሮ የሚነዳኝ ሰው ነው። መኪና ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እማዬ ጉልበት ነው። ዛሬ አልጠየቀም። በዚህ ፀሐይ ጥቁር ጃኬት ለብሷል። «ማን ሞተብህ?» ልለው ነበር። አፌ ላይ ቀረ።

ስልኬን የደህንነት ሰዎች ለፍተሻ ወሰዱት። በምትኩ አዲስ ሰጡኝ። ቁጥሩን የምታውቀው ጸሐፊዬ ቦንቱ ብቻ ናት። ከዛሬ ጀምሮ የሚደወለው ሁሉ በሷ በኩል ነው አሉ። ፌስቡክ ድሮም የለኝም። ጋዜጣም ቦንቱ ናት ቆርጣ የምታመጣልኝ።

ሊሾሙኝ የጠሩኝ ባለሥልጣን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቆዩ። «እግዚአብሔር ያበርታሽ» አሉኝ።

ለሹመት እንኳን ደስ አለሽ ነው የሚባለው። ያበርታሽ ምን አመጣው?

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ምክር ቤቱ አጸደቀ። ማልኩ። ቀኝ እጄ ወደ ላይ ተነስቶ ስለነበር ወዴትም አልሄደም።

ሴቶቹ አቀፉኝ። አስተቃቀፋቸው... እንዴት ልበለው። ይጫናል። ጀርባዬን ይመታሉ። አንዷ ከዓይኗ ላይ የሆነ ነገር ጠረገች። ያቺ ሴት ባለፈው ዓመት ኮሚቴ ላይ ልትበላኝ ነበር።

ቁጥር ሳይወጣ ገበያው ምን እያሰበ እንደሆነ ማወቅ ነው ሥራዬ የነበረው። ነጋዴ ዕቃ ሲደብቅ፣ ሰው ወርቅ ሲገዛ፣ ባንክ ቤት ሰልፍ ሲረዝም አይቼ አውቃለሁ። ታዲያ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ለስለስ ሲልልኝ ምን ብዬ ላንብበው?

አልጠይቅም። ከጠየቅሁ ይመልሱልኛል።

ለእትዬ ሳፊያ ከቦንቱ ስልክ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ደግሜ ደወልኩ። እትዬ ሳፊያ ስልክ አታነሳም? አንዴ ለተሳሳተ ቁጥር ግማሽ ሰዓት ያወራች ሴት ናት።

ጥቅምት 14

የሚኒስቴሩ የዕቅድ ስብሰባ ነገና ከነገ ወዲያ አዳማ ነበር። በልቤ ይዤው ነበር፣ ከስብሰባው ሾልኬ እማዬ ቤት ራት። ቦንቱ ጠዋት ገባችና «ወደ ቢሾፍቱ ዞሯል፣ ክብርት ሚኒስትር» አለችኝ።

«ለምን?»

«አዳማ አዳራሽ ጠፋ።»

አዳማ አዳራሽ ጠፋ። ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል። አዳማ የስብሰባ አዳራሽ ጠፍቶ አያውቅም። የአገሩ መሥሪያ ቤት ሁሉ አበል የሚበላው እዚያ ነው።

ቦንቱን ዓይን ዓይኗን አየኋት። ወረቀት ማስተካከል ጀመረች። ልጅቷ መዋሸት አትችልም። ማስተማር አለብኝ። ብዕር ያዢ ልበላት?

ጥቅምት 16፣ እሑድ

መጻፍ አለብኝ። ከጻፍኩት ይረጋጋልኛል።

ስብሰባው ምሳ ላይ አለቀ። ጥበቃዎቹን በሌላ መኪና ወደ አዲስ አበባ ቀድማችሁ ሂዱ አልኳቸው። መኪና ውስጥ ገባሁና «ጋሽ ዲበኩሉ፣ ወደ አዳማ» አልኩ።

በመስታወቱ አየኝ። «ክብርት ሚኒስትር፣ ፕሮግራሙ ላይ የለም።»

«ወደ አዳማ።»

ነዳ። ፈጣን መንገዱ ባዶ ነበር። ሞጆ መውጫው ጋ ስንደርስ ፍሬቻ አሳየ። «ነዳጅ» አለ። ከኋላ ሆኜ ይታየኛል፣ መርፌው ግማሽ ላይ ነው። ወጣ። ማደያውን አልፎ ዳር ይዞ ቆመ። የቆዳ ፋብሪካው ሽታ በመስኮቱ ገባ። ከባድ መኪናዎች ወደ ሻሸመኔ መንገድ እየታጠፉ ያልፋሉ። ሞተሩን አጠፋ። ሁለት እጁ መሪው ላይ ቀረ።

«ልጄ» አለኝ።

ስንት ዓመት ሲነዳኝ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እርስዎ ቀረ፣ ክብርት ቀረ።

«እኔ አልነግርሽም። የምነግርሽ ሰው እኔ አይደለሁም። መዋሸት ደግሞ አልፈልግም። ዛሬ ግን አንሂድ።»

ከፊቴ ያለውን የወንበር መደገፊያ ነበር የማየው። ክሩ ተተርትሯል። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ያወቅሁት እዚያ ነው ወይስ ድሮ አውቄ ነበር? ወንበሮቹ ሲጎተቱ? እማዬ ሞታለች። ይኸው ጻፍኩት።

«መቼ ነው የሚመጡት?» አልኩት።

«ቅዳሜ ጠዋት።»

ማክሰኞ የመጀመሪያ መግለጫዬን እሰጣለሁ። እሱ ይለፍ ብለው ነው። ቀን ተቆርጦልኛል። ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የምክር ቤቱ ሴቶች፣ ቦንቱ፣ የአዳማ ባጃጅ ነጂ ሁሉ። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለካ እንዲህ ነው ነገሩ ከሌላኛው ወገን ሲታይ።

«እንመለስ» አልኩ።

ለምን ተመለስኩ? መንገዱን ሁሉ ራሴን ስጠይቅ ነበር። ቀነዓ ቀን ቆርጧል፣ ሽማግሌዎቹን ለምኗል፣ የሚናገረውን አስቧል። እኔ በሱ ላይ አንዴ ቀን ቆርጬበታለሁ። አሁን ቀኑ የሱ ይሁን... ቆንጆ ምክንያት ነው።

እውነቱ ፈርቼ ነው። ያ ደጅ ሲከፈት እሷ የማትወጣበትን ማየት ፈርቼ።

ጥቅምት 17

እኛ ቤት መንፈስ አይታመንም። የሞተ ጌታ ዘንድ ነው፣ አለቀ። እማዬ ራሷ ጎረቤት ሙት አየሁ ሲል ትቆጣ ነበር።

ታዲያ ኮሪደሩ ላይ ቪክስ ለምን ይሸታል? ኩሽናው ውስጥ የምታንጎራጉራት ዝማሬ፣ ቃሏ የጠፋባት፣ ዜማዋን ብቻ «ህምም» የምትለው... ገብቼ መብራቱን አበራሁ። ፍሪጁ ነው። ፍሪጅ ዜማ አለው እንዴ?

ቢሮ ሰው ሁሉ ደህና አደርሽ ይለኛል። ደህና እላለሁ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

መግለጫው ሰመረ ይሉኛል። ብዕሬን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ስለ ነዳጅ ዋጋ ጠየቁኝ። «የታቀደ ለውጥ የለም» አልኩ። ለውጡ ግን አለ፤ ኅዳር ውስጥ ነው። አንገቴ አሳከከኝ፣ ብዕሩን አጥብቄ ያዝኩት።

እማዬ እያየችኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። አታየኝም። አሁን ማንም አያየኝም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር?

ቢሮ ተመልሼ መጸዳጃ ቤት በር ቆልፌ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። የማያውቅ ሰው አያለቅስም። ቦንቱ በሩን አንኳኩታ «ደህና ነዎት?» አለችኝ። ልጅቷም የምታለቅስ ይመስል ነበር።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ነገ ነው። ጥቁር ልብስ ላወጣ ብዬ ተውኩት። የሌሊት ልብሴን እለብሳለሁ። ሲያንኳኩ «ማነው?» እላለሁ። «ምነው በዚህ ጠዋት?» እላለሁ። ቀነዓ ማልዶ ተነስቶ ነው የሚመጣው፣ ድካሙ በከንቱ እንዳይቀር።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

መጡ። ገና እየነጋ ነበር። ቀነዓ፣ ሀኒ፣ እትዬ ሳፊያ፣ የቸርቹ ሽማግሌ ወንድም ጉቱ። የቀነዓ ጢም አድጓል። ጋሽ ዲበኩሉ በር ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል።

«ማነው?» አልኩ። «ምነው በዚህ ጠዋት?» አልኩ። ያሰብኩትን ሁሉ አልኩ። አስቀመጡኝ። ወንድም ጉቱ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ ስለ ሰው ዕድሜ ጀመረ፣ ወደ እማዬ ጉልበት አለፈ፣ ስለ ሰማይ ቤት አነሳ። ቀነዓ መሀል ገባ። «እማዬ አረፈች፣ ኢፍቱ።» ይኸው ነው።

ማስመሰል ያስፈልገኛል ብዬ ነበር። አላስፈለገኝም። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ሳምንት ሙሉ የያዝኩት ነው መሰለኝ፣ ወጣ። እትዬ ሳፊያ ከወለሉ አነሳችኝ። «ልቀቂው የኔ ልጅ፣ ልቀቂው» ትለኛለች፣ እሷም ከእኔ ብሳ ታለቅሳለች።

በዋሽንግተን ያናገርኳት ማግስት ነው። ከሰዓት፣ ልብስ ስታሰጣ። አንሶላው እጇ ላይ እንዳለ እትዬ ሳፊያ ናት ያገኘቻት። «አሜን» ብዬ ያቋረጥኳት ጸሎት የመጨረሻው ነበር።

ወደ አዳማ ስንሄድ ቀነዓ አጠገቤ ተቀመጠ። ሞጆን አለፍን። «ሰምተሽ ነበር?» አለኝ፣ በቀስታ።

«አልሰማሁም።»

እጄ አንገቴ ላይ ነበር። እሱ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር። እጄን የሚያወርድልኝ የለም። ራሴው አወረድኩት።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ። አዳማ

ድንኳኑን ለእኔ ሲሉ እንደገና ተከሉት። ሰው አያልቅም። ለእማዬ የመጣና ለሚኒስትር የመጣ ይለያል፤ ለእማዬ የመጣው ወንበር አይመርጥም። አንዱ ነጋዴ እጄን ይዞ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብሎ በዚያው ትንፋሽ ስለ ቀረጥ ነፃ ፈቃድ ጀመረልኝ። ቀነዓ በክንዱ ይዞ ምግቡ ወዳለበት ወሰደው።

እትዬ ሳፊያ ሦስቱንም ቀን ወንበሯ ከወንበሬ አልራቀም። «ከማላውቀው ቁጥር ሲደወል አንቺ መሆንሽን ጠረጠርኩ፤ ያላነሳሁት» አለችኝ ዛሬ፣ «ካነሳሁት እዋሻለሁ ብዬ ነው። ዓይኔ እያየ ሲጠራ ትራስ ሥር ከተትኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ።» ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በርትቶ ድንኳኑ ሊነቀል ሆነ። ወንዶቹ ገመዱን ሲይዙ እኔና ቀነዓ የልብስ ማስጫው ሽቦ ጋ ቆምን። መቆንጠጫዎቹ አሁንም አሉ።

«ሻሸመኔ ነኝ ያልኩሽ ዕለት ልነግርሽ ነበር» አለኝ። «ሄሎ ስትይ አቃተኝ። ስለ ካሜራ ቀባጠርኩ። ከዚያ ከላይ ደወሉልኝ፣ ቃለ መሐላዋና መግለጫዋ ይለፍ አሉኝ። እሺ አልኩ። የሚገርምሽ፣ ቀን ሲሰጡኝ ቀለለኝ። በቃ ቀኑ እስኪደርስ ነው አልኩ። አሁን ነው የገባኝ፣ አንቺ ያኔ ምን ሆነሽ እንደነበር።»

ሞጆ ላይ እንዳወቅሁ ነገርኩት። ጋሽ ዲበኩሉ እንዳልነገረኝ፣ ግን እንዳልዋሸኝም። እንደተመለስኩ። ቅዳሜ በር ላይ «ማነው» ስል እንደማውቅ።

«አውቃለሁ» አለ።

«እንዴት?»

«መኪና ውስጥ እጅሽን አየሁት።»

«ወደ ውጭ ነበር የምታየው።»

«መስኮቱ ላይ ይታያል።» ከሽቦው አንድ መቆንጠጫ ነቀለ። «እናቴ ስትነግረኝ አላይም ነበር። አሁን ሳልፈልግ አየዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺስ ለምን ማነው አልሽ?»

ገመዱን እንዲይዝ ጠሩት። ሄደ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ። አዲስ አበባ

ወደ ሥራ ተመልሻለሁ። ጥቁር ለብሼ መግለጫ ሰጠሁ። ብዕሬን አላመጣሁም። እማዬ ጠረጴዛ ላይ ትቼው መጣሁ፣ ረስቼው ነው ልል ነበር። አይደለም።

ያው ጋዜጠኛ፣ ያው ጥያቄ። «በነዳጅ ዋጋ ላይ የሚጠበቅ ለውጥ አለ?» ቦንቱ ያዘጋጀችው መልስ ፊቴ ነበር፣ የታቀደ ለውጥ የለም።

«ስለዚያ ዛሬ አልናገርም» አልኩ። «ጊዜው ሲደርስ እኔው ራሴ እናገራለሁ።»

ቦንቱ ደነገጠች። እጆቼን አየኋቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ተጋድመዋል፣ የትም አልሄዱም።

ወዲያው ከላይ ተደወለ። «አልናገርም ማለት አለ ማለት እኮ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሰው ዛሬ ማደያ ይሰለፋል፣ ወቀሳው እኔ ላይ ነው። ሰኞ ልንነጋገር ተቀጣጥረናል። ወንበሩ ላይ የምቆይ አይመስለኝም። ጋሽ ዲበኩሉ ቤት ሲያደርሰኝ በመስታወቱ አየኝ። «ልጄ» አላለኝም። «ደህና ይደሩ» ብሎኝ ሄደ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ከቸርች መጣሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ፍሪጁ ፍሪጅ ነው። ቪክስ የለም። መሄዷ ነው ወይስ እኔ መልመዴ? ሽታው ባይጠፋ እወድ ነበር።

እሑድ በምንደዋወልበት ሰዓት ስልኬን አንስቼ ቁጥሯን ደወልኩ። ምን አስቤ እንደሆነ አላውቅም። ጣቴ ነው። ይዘጋል ብዬ ነበር፣ ጠራ። አዳማ ቤት፣ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ማንም በሌለበት ሳሎን ሲጠራ ታየኝ። ሊቋረጥ ሲል ተነሳ።

«ሄሎ» አለ። ቀነዓ ነው። እማዬ ቤት ምን ይሠራል? አልጠየቅሁትም። እሱም ለምን የሞተች ሴት ስልክ እንደደወልኩ አልጠየቀኝም። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። መስኮቱን አልዘጋውም።

«ዓርብ አየሁሽ» አለኝ። «ድምፁን አጥፍቼ።»

«እ?»

«ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።»

ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀነዓ ከሱቅ ሰው ጋር ይጮሃል፣ ከሹፌር ጋር ይከራከራል፣ ሰው ፊት ጸልዮ ግን አያውቅም። «ጌታ ሆይ» ብሎ ጀመረ። ቆመ። «ኢፍቱን...» አለ። ደግሞ ቆመ። «ሰኞን...» አለ። «እኔ እኮ አልችልበትም» አለኝ።

«ቀጥል» አልኩት።

ቀጠለ። እየተደናቀፈ፣ ስለ ሀኒ፣ ስለ እትዬ ሳፊያ ስኳር፣ ስለ ጋሽ ዲበኩሉ፣ ሻሸመኔ መንገድ ላይ ስለቆመ አንድ የጭነት መኪና ሳይቀር ጸለየ። ረዘመ። እስኪጨርስ ጠበቅሁትና አሜን አልኩ።